ከሕይወት ታሪኳ የወጣው መስመር

ለታዳጊ አንባቢዎች ደብረ ብርሃን ላይ ለተዘጋጀ የንባብ መርሐ ግብር የደራሲ ማስተዋወቂያ ጽፌ ነበር፤ አንድ ገጽ የማይሞላ። ደራሲዋ አሜሪካዊቷ ጃክሊን ውድሰን ናት። ወረቀቱ ተባዝቶ ሲመጣ የተወለደችበት ዘመን፣ የመጻሕፍቷ ስም፣ የሽልማቶቿ ዝርዝር ሁሉ በቦታው ነበር። አንድ መስመር ብቻ የለም። ውድሰን ብሩክሊን ውስጥ ከሴት የሕይወት አጋሯ ጋር ሁለት ልጆች እንደምታሳድግ የሚናገረው መስመር ወጥቷል።

ማን እንዳወጣው አልጠየቅኩም፤ ለምን እንዳወጣው ለመገመት ግን ሊቅ መሆን አያሻም። የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የሚከለክለው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 አለ። ከአንቀጹ በላይ ደግሞ ወላጅ አለ፣ የንስሐ አባት አለ፣ «ለልጆቻችን ምን እያነበባችሁላቸው ነው?» ብሎ በማግስቱ በር የሚያንኳኳ ጎረቤት አለ። ያወጣው ሰው መርሐ ግብሩን ለማትረፍ ብሎ ይሆናል፤ አልፈርድበትም። የከነከነኝ ሌላ ነው። መስመሩ ከወጣ በኋላ ወረቀቱ ምንም የጎደለው አይመስልም ነበር። ሽልማት በሽልማት ላይ ተደርድሮ፣ ሴትየዋ ከነሜዳልያዋ የተወለደች ይመስል፣ ጥርት ብሎ ይነበባል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? እኔም ከዚያ ወዲህ መጻሕፍቷን ባነሳሁ ቁጥር ወደ ሥሩ እየተመለስኩ አስባለሁ፤ ያ መስመር ከሌለ ይህ ሁሉ ሥራ ከየት መጣ ሊባል ነው?

ሽልማቱ ሳይመጣ

ውድሰን እ.ኤ.አ. በ1963 በኦሃዮ ግዛት ኮለምበስ ከተማ ተወለደች። ልጅነቷ ግማሹ ደቡብ ካሮላይና፣ ግሪንቪል፣ አያቶቿ ቤት አለፈ፤ ግማሹ ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን። ሴት አያቷ የይሖዋ ምሥክር ስለነበሩ ቤቱ በጸሎትና በመጽሐፍ ቅዱስ የተያዘ ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ የእኛ አገር ልጅ ያን ቤት ሲያነብ ብዙ አይከብደውም። ታላቅ እህቷ ፈጣን አንባቢ ነበረች። እሷ ግን ቀርፋፋ ነበረች፤ ጣቷን ከቃላቱ ሥር እየጎተተች፣ አንዱን ገጽ እየደጋገመች ታነብ ነበር። መጻፍን ያስተማራት ይኸው ዝግ ብሎ ማንበብ እንደሆነ ኋላ ላይ ተናግራለች።

እ.ኤ.አ. በ1985 ከአደልፊ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ተመረቀች። ለእኛ ጀማሪ ጸሐፊ የሚጠቅመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ ተአምር የለበትምና። ኒው ዮርክ ውስጥ ከቤታቸው ከጠፉና መጠለያ ከሌላቸው ልጆች ጋር በድራማ የሥነ ልቦና ድጋፍ ሰጪ ሆና ሠራች። የልጆች መጻሕፍት በሚያሰናዳ ድርጅት ተቀጥራ ለካሊፎርኒያ የንባብ ፈተና ምንባቦችን በመጻፍ ተሳተፈች። የፈተና ምንባብ ሲሉት አሰልቺ ይመስላል። ሥራው ግን ይህ ነው፦ ለታወቀ ዕድሜ፣ በተቆረጠ የቃል ብዛት፣ ትርፍ ነገር ሳይገባ፣ ልጁ ሳይወድ የተቀመጠበትን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ማስነበብ። ለታዳጊ ልብ ወለድ ከዚህ የሚሻል ልምምድ አላውቅም። የመማሪያ መጽሐፍ ምንባብ የሚያዘጋጁ መምህሮቻችን ይህን ሙያ በእጃቸው ይዘው እንደ ሙያ አይቆጥሩትም።

ከዚያ ኒው ስኩል በሚባለው ተቋም ለልጆች የመጻፍ ትምህርት ገባች። ረቂቋ በክፍሉ ሲነበብ የአንድ አሳታሚ አርታኢ ሰማችና የእጅ ጽሑፉን ጠየቀች። አሳታሚው ገዛው። አርታኢዋ ግን አርትዖቱን ሳትጀምር ሥራ ለቀቀች፤ ሌላዋ ተረክባ የውድሰንን የመጀመሪያ ስድስት መጻሕፍት ለኅትመት አበቃች። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው የአርታኢዋን ቦታ ነው። እኛ ዘንድ ደራሲው ጽፎ፣ ለወዳጁ «ፊደል እይልኝ» ብሎ ሰጥቶ፣ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። የአንድን ጸሐፊ ስድስት መጻሕፍት በተከታታይ ያነበበ አርታኢ ጸሐፊው የት የት እንደሚያመልጥ ያውቃል፤ ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ያለፈውን ስድስተኛው ላይ አያልፈውም።

የመጀመሪያው መጽሐፍ «ላስት ሰመር ዊዝ ሜይዞን» እ.ኤ.አ. በ1990 ወጣ። ሽልማቶቹን፣ ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ሆኖ፣ በአጭሩ ልዘርዝራቸው፦ በ2001 የኮሬታ ስኮት ኪንግ ሽልማት፣ በ2006 ለታዳጊዎች ላበረከተችው ሥራ የማርጋሬት ኤድዋርድስ ሽልማት፣ በ2014 ናሽናል ቡክ አዋርድ የሚባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት፣ በ2018 አምስት ሚሊዮን የስዊድን ክሮና የሚያስገኘው የአስትሪድ ሊንድግሬን ሽልማት፣ በ2020 የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ሽልማትና የማክአርተር ፌሎውሺፕ በአንድ ዓመት። ከመጀመሪያው መጽሐፍ እስከ ናሽናል ቡክ አዋርድ 24 ዓመት ነው። በመጀመሪያ መጽሐፉ ምረቃ ማግስት ስሙ ያልተጠራ መስሎት ብዕሩን የሚሰቅል ወዳጅ ያለው ሰው ይህን ቁጥር ያሳየው።

ብዕሩ ለማን ተሰጠ

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው «ፍሮም ዘ ኖትቡክስ ኦቭ ሜላኒን ሰን» ተራኪው ሜላኒን ሰን የሚባል፣ ብሩክሊን ውስጥ ከእናቱ ጋር ብቻውን የሚኖር ጥቁር ታዳጊ ነው። እናቱ አንድ ቀን አንዲት ነጭ ሴት ማፍቀሯን ትነግረዋለች። ልጁ ይቆጣል። ያፍራል። የሰፈር ልጆች ሲሰሙ ምን እንደሚሉት እያሰበ ከእናቱ ይርቃል፤ የሚሰማውንም ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ይጽፋል።

እኔ ብዙ ጊዜ የምቆመው እዚህ ነው። ውድሰን በኑሮዋ የቆመችው በእናትየዋ ወገን ነው፤ ብዕሩን የሰጠችው ግን ለልጁ ነው። ቀላሉ መንገድ እናትየዋን ማስተረክ ነበር፤ ሕመሟን ትናገራለች፣ አንባቢም ያዝንላታል። ሌላው ቀላል መንገድ ልጁን ክፉ አድርጎ መጨረሻ ላይ ማሳፈር ነው። ሁለቱንም ተወቻቸው። ቁጣው ከውስጥ ይነበባል፤ እናቱን የሚወድ ልጅ ቁጣ ስለሆነም አንባቢው ልጁን ለመጥላት ሰበብ ያጣል። በእሷ የሚያፍር ልጅ በገዛ መጽሐፏ ውስጥ እንደልቡ እንዲናገር ፈቀደችለት ማለት ነው። ይህን ማድረጓን ማየት የሚችለው ያን የወጣውን መስመር ያነበበ ሰው ነው። ለሌላው መጽሐፉ ስለ አንድ ቤተሰብ የተጻፈ ጥሩ ታሪክ ሆኖ ያልፋል። በውድሰን ኑሮ መስማማትም ከአንባቢ አይጠበቅም፤ ተራኪው ራሱ መች ተስማማ?

ከሁለት ዓመት በኋላ በ1997 «ዘ ሃውስ ዩ ፓስ ኦን ዘ ዌይ» ወጣ። ስለ አንዲት የ14 ዓመት የገጠር ልጅና ለክረምት ስለመጣች የአክስቷ ልጅ ነው፤ ሁለቱም ማን እንደሆኑ ገና ያልለየላቸው፣ ለማንም ያልነገሩት ነገር በሆዳቸው ያለ። መጽሐፉ መልስ ሳይሰጥ ያልቃል። አንዳንድ መጻሕፍቷ ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይውጡ የሚል ጥያቄ ቀርቦባቸዋል፤ በሷም አገር መስመር የሚያወጣ አይጠፋም።

ይህንኑ ተራኪ የመምረጥ ዘዴ ከፆታ ጉዳይ ፈጽሞ በራቀ መጽሐፍ ላይም አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ2012 በሥዕል የወጣው «ኢች ካይንድነስ» ውስጥ ማያ የምትባል ያረጀ ልብስ የለበሰች አዲስ ተማሪ ክፍል ትመጣለች። ከክሎይ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ክሎይ ወንበሯን ታርቃለች። ማያ ልጫወት ብላ ትጠይቃለች፤ እምቢ ይሏታል። አንድ ቀን መምህሯ ጠጠር ውሃ ውስጥ ጥላ ሞገዱን እያሳየች ስለ ደግነት ታስተምራለች፤ ክሎይ ይቆጫታል፣ ነገ ይቅርታ እጠይቃለሁ ትላለች። ማያ ግን ዳግም አትመጣም። መጽሐፉ በዚያው ያልቃል። ተራኪዋ ማን ናት? ያገለለችው ክሎይ።

ይህን መጽሐፍ ደብረ ብርሃን ላይ ሆኖ ማንበብ ከሌላ ቦታ ይለያል። ባለፉት ዓመታት ከወለጋና ከሌላም አካባቢ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ከተማው ዳር በመጠለያ ኖረዋል፤ ልጆቻቸውም የከተማው ክፍሎች ገብተዋል። ስለ እነሱ ሲጻፍ ተራኪው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ተፈናቃዩ ልጅ ነው፤ ያለቅሳል፣ አንባቢም አብሮ አልቅሶ ንጹሕ ሆኖ ይነሳል። ዴስክ የነፈገው ልጅስ? እሱም አንባቢ ነው፤ ከፊት ወንበር ተቀምጧል። ስለ እሱ የሚጻፍ መጽሐፍ ግን የለንም። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እያልን ሐዘኑንም ጸጸቱንም አዋቂ አቡክቶ፣ ጋግሮ፣ «ስለዚህ ልጆች ሆይ» ብሎ እንዲያቀርብለት ለምደናል።

የመንዙ ስንኝና የብሩክሊኑ

«ብራውን ገርል ድሪሚንግ»፣ ናሽናል ቡክ አዋርድ ያገኘው፣ የልጅነት ትዝታ ነው፤ ግን በግጥም። በአምስት ክፍል የተከፈለ ከ300 ገጽ በላይ መጽሐፍ ሆኖ እያንዳንዱ ግጥም አንድ ትዝታ ብቻ ይይዛል፤ አያትየው ሲያስላቸው፣ አጎት ከእስር ቤት ሲጠየቅ፣ ታናሽ ወንድም የግድግዳ ቀለም በልቶ ሲታመም። በመሀል በመሀል ስለ ማዳመጥ የሚያወሩ፣ ባለ ሦስት ስንኝ አሥር አጫጭር ግጥሞች ጣል ጣል ተደርገዋል። አንባቢው ትንፋሽ የሚወስደው እዚያ ነው።

ለታዳጊ በግጥም መተረክ እኛ ዘንድ እንግዳ አይደለም። መንዝ፣ ግርም ገብርኤል የተወለዱት ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» ስንቱን ትውልድ በግጥም አስተማሩት። ልዩነቱ መጨረሻው ላይ ነው። ከበደ ሚካኤል ተረቱን ጨርሰው ትምህርቱን ያስጨብጣሉ፤ ውድሰን ታሪኩ ሲያልቅ ዝም ትላለች። የከበደ ሚካኤልን ስንኝ ወድጄ፣ ዛሬ ለ12 ዓመት ልጅ የሚጽፍ ሰው ግን የመጨረሻዎቹን ሁለት ስንኞች ባይጽፋቸው እመርጣለሁ።

ይህን በአማርኛ የሚሞክር ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር ቤት መምታት ነው። ከተለመዱት የግጥም ምቶች የወል ቤት ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም፣ ሰንጎ መገን አምስት አምስት፣ ቡሄ በሉ አራት አራት እየሆነ ይሄዳል። ለአንድ ገጽ ግጥም ግሩም ነው። መቶ ገጽ ላይ ግን ልጁ ምቱን እንጂ ታሪኩን መስማት ያቆማል፤ ጭንቅላቱ ይወዛወዛል፣ ማን ምን እንዳደረገ ግን አያውቅም። ሌላም አለ። አማርኛ ግሥን ከዓረፍተ ነገር መጨረሻ ስለሚያስቀምጥ ቤቱ የሚመታው በግሥ ጭራ ነው፤ መጣች፣ አለች፣ ሄደች። እንዲህ ይሆናል፦

አዲሷ ተማሪ ማለዳ መጣች፣
ቦታ ስላጣችም ቆማ አረፈደች።

ያለ ልፋት የመጣ ቤት ስለሆነ ያለ ልፋት ይረሳል። ግሥ መጨረሻ ላይ መሆኑ ግን ለስንኝ አቆራረጥ ትልቅ ሀብት ነው። ከግሡ በፊት ከተቆረጠ ድርጊቱ ተንጠልጥሎ ይቆያል፦

የጫማዋ ክር
አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ።
ወንበሬን ወደ ግድግዳው
ሳብኩት።
እሷ ቆማ
ቀረች።

«ሳብኩት» ብቻውን ሲቆም ተራኪው ያደረገውን ያህል ይከብዳል፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ታዲያ በየስንኙ እንዲህ ከተደረገ ያንቀዋል። አንድ ገጽ ላይ አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል፤ የቀረው ስንኝ ልጅ በአንድ ትንፋሽ የሚለውን ያህል ይርዘም።

ዕድሜን በተመለከተ፣ ልጆች ከራሳቸው አንድ ሁለት ዓመት ስለሚበልጥ ልጅ ማንበብ ይወዳሉ። ለ11 ዓመት አንባቢ ተራኪውን 12 ወይም 13 ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ተራኪው ማወቅ የማይችለውን አለማሳወቅ ይመጣል፤ የሚከብደውም ይኸኛው ነው። የ13 ዓመት ልጅ አባቱ ለምን እንደጠጣ አያውቅም፤ ከስንት ሰዓት በኋላ ከአባቱ ፊት መጥፋት እንዳለበት ግን ያውቃል። ረቂቁን ይዞ «ምክንያቱም» የሚለውን ቃል ሁሉ ማስመር ጥሩ ፈተና ነው፤ አብዛኛው ቦታ የተናገረው ልጁ ሳይሆን ደራሲው ሆኖ ይገኛል። ምሳሌያዊ አነጋገርም እንደዚሁ። በልጁ አፍ ከገባ ልጁ ወዲያው ሽማግሌ ይሆናል፤ በአያትየዋ አፍ ሲገባ ግን ያምራል፣ ልጁ ባይገባው ደግሞ ይበልጥ ያምራል። የመንዝ አያት እንደ መንዝ አያት ታውራ፤ የሬዲዮ አማርኛ አይጫንባት።

ተራኪውን መምረጥ ላይ ልመለስ። ታሪኩ ውስጥ የተበደለው ማን እንደሆነ ከተለየ በኋላ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ግጥሞች በበዳዩ አፍ ጽፎ ማየት ነው። ሁልጊዜ አይሠራም። በዳዩ ምንም የማይወድ፣ ምንም የማይፈራ ከሆነ ግጥሙ ክስ ይሆናል። ሜላኒን ሰን የሚሠራው እናቱን ስለሚወድ ነው፤ ክሎይ የምትሠራው የጓደኞቿን ፊት ስለምትፈራ ነው። አንዱ ከሌለ ተራኪውን ለተበደለው መመለስ ይሻላል።

ወረቀት

በግጥም መተረክ ወረቀት ይበላል፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ነው። በኤ5 ገጽ ላይ ዝርው ጽሑፍ ወደ 250 ቃል ሲይዝ ግጥም 90 ያህል ይይዛል። ስለዚህ 12,000 ቃል ያለው ታሪክ በዝርው 50 ገጽ ግድም ሲሆን በግጥም ከ130 ያልፋል። ማተሚያ ቤት ደግሞ በ16 ገጽ ጥራዝ ስለሚያስብ 130 ገጽ ማለት ሒሳቡ 144 ነው፤ ሁለት ገጽ ቀንሶ 128 ላይ ማቆም አንድ ሙሉ ጥራዝ ያድናል። እነዚያን ሁለት ገጾች ለማግኘት ልጁ የሚመክርባቸውን ግጥሞች መፈለግ በቂ ነው፤ አይጠፉም።

መጽሐፉ እስኪደርስ ግን ማተሚያ ቤት መሄድም ማንንም ማስፈቀድም ሳያስፈልግ ልጆች እጅ ማግባት ይቻላል። አራት ኤ4 ወረቀት ከመሀል ሲታጠፍ 16 የኤ5 ገጽ ይወጣዋል፤ አንድ ለሽፋን፣ አንድ ለጀርባ፣ 14 ለግጥም። ገጾቹን ሲያቀናብሩ በአንድ ፊት ጎን ለጎን የሚውሉት ሁለት ገጾች ድምር ምንጊዜም 17 ነው፤ 16 ከ1፣ 2 ከ15፣ 14 ከ3፣ እያለ እስከ 8 ከ9። ለመታጠፊያው በኩል ሁለት ሴንቲ ሜትር ካልተተወ የስንኙ መጀመሪያ እጥፋቱ ውስጥ ይገባል። የፊደሉ መጠን ከ12 ባያንስ ጥሩ ነው፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያነብም አለና። ፕሪንተሩ በሁለት ፊት ሲያትም ወረቀቱን በአጭሩ ጎን እንዲገለብጥ መታዘዝ አለበት፤ በረጅሙ ጎን ከገለበጠ የጀርባው ገጽ ተዘቅዝቆ ይወጣል። ፎቶ ኮፒ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ አንድ ቅጂ ብቻ አስወጥቶ አጥፎ ማየት ነው።

ተራው ስቴፕለር እጁ አጭር ስለሆነ እጥፋቱ ጋ አይደርስም። ከፍቶ ዘርግቶ፣ ወረቀቱን ካርቶን ላይ አጋድሞ፣ ከጀርባ በኩል ሁለት ቦታ መምታት ነው። እግሮቹ ካርቶኑ ውስጥ ገብተው ይቆማሉ፤ ቀስ ብሎ ነቅሎ በማንኪያ ጀርባ ወደ ውስጥ ማጠፍ፤ ካልታጠፉ የልጅ ጣት ይወጋሉ።